ባሌስትራ ይሸከማል፣ ሾክ አብዞርበር ያረጋጋል
ላረጀ ላንድ ክሩዘር ትክክለኛውን ለመምረጥ

ባሌስትራና ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማሉ፤ ሾክ አብዞርበር ደግሞ የእነሱን መወዛወዝ ይገታል። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። ጀርባው የወረደ መኪና አዲስ ሾክ አብዞርበር ቢገጠምለት ቁመቱ አይመለስም። በየጉድጓዱ የሚነጥር መኪናም ባሌስትራው ቢጠነክር ንጥረቱ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ስለዚህ መለዋወጫ ከመገዛቱ በፊት የደከመው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ለዚህ ማነጻጸሪያ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና አስጎብኚዎች ለዓመታት የሠሩበት «ሃርድ ቶፕ» የዚሁ ቤተሰብ ነው። 70 በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ከባድ ሥራ የሚችሉት ዓይነቶቹ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. የፊቱ ባሌስትራ በሞላ ተተካ፤ የኋላው ግን ባሌስትራ እንደሆነ ቀጠለ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት መኪኖች የተለያየ መለዋወጫ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። የተሠራበት ዓመትና የሞዴሉ ቁጥር ሳይታወቅ ግዢ መጀመር ገንዘብ መጣል ነው።

ድካሙ እንዴት ይታወቃል?

የባሌስትራ ብረት በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ በተለይም ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ ቀስ በቀስ ጉብጠቱን ያጣል። ምልክቱ በዓይን ይታያል። ባዶው መኪና ደልዳላ ቦታ ቆሞ ወደ ኋላ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም አክስሉና ሻንሲው እንዳይጋጩ የተቀመጠው የላስቲክ ማቆሚያ ዘወትር ሊነካ ከደረሰ፣ ባሌስትራው ወርዷል። ባሌስትራው የተሠራባቸው ተደራራቢ ላሜራዎች ተራ በተራ ሲታዩ ስንጥቅ ሊገኝባቸው ይችላል። ላሜራዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሐሉ ብሎን ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መኪናውም ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል።

የሾክ አብዞርበር ድካም የሚታወቀው በአነዳድ ነው። መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፤ ኩርባ ላይ ይንጋደዳል፤ ጎማውም እዚህም እዚያም ተቦርቡሮ ያልቃል። በሾክ አብዞርበሩ አካል ላይ ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ዘይቱ ወርዶ ከተንጠባጠበ ግን ማሸጊያው አልቋል ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ጫፎቹ ላይ ያሉት የላስቲክ ጎሚኒዎች ይታዩ። ሾክ አብዞርበሩ ጤነኛ ሆኖ የሚንኳኳው ያለቀ ጎሚኒ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የባሌስትራ አማራጮች

የመጀመሪያውና ርካሹ አማራጭ ያለውን ባሌስትራ እየመቱ ጉብጠቱን መመለስ ነው። ቁመቱ ወዲያው ይመለሳል፤ ነገር ግን ብረቱ እንደገና በሙቀት ካልታከመ ድካሙ አብሮት ስላለ ጭነት ሲበዛበት ቶሎ ይወርዳል። ይህ ለጊዜው ማሳለፊያ ይሆናል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ላሜራ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የላሜራ ጥንካሬ የሚያድገው ከውፍረቱ በላይ ነው። ውፍረቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ቢያድግ የዚያ ላሜራ ጥንካሬ በግማሽ ያህል ይጨምራል። አንድ ወፍራም ላሜራ ጣል የተደረገበት ባሌስትራ ሙሉ ጭነት ሲሸከም ደህና ይመስላል፤ ባዶ ሲሄድ ግን መኪናው እንደ ጋሪ ይዘላል፣ ጎማውም መሬቱን እየለቀቀ ፍሬንና መሪ ይከዳሉ። የተጨመረው ላሜራ ጉብጠት ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ ጫናው አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ዋናው ላሜራ ይሰበራል።

ሦስተኛው እንደ ፋብሪካው የተሠራ አዲስ ባሌስትራ ነው። የመኪናው ሥራ ካልተለወጠና ተጨማሪ ዕቃ ካልተገጠመበት ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። የብዙ ሰው ቅሬታ መኪናው ደረቅ ነው የሚል ነው፤ እውነትም ፋብሪካው የሠራው ለጭነት ነው።

አራተኛው እንደ አውስትራሊያዎቹ ኦልድ ማን ኢሙና ዶቢንሰንስ ያሉ አምራቾች የሚያቀርቡት፣ በጭነት መጠን የተመደበ ባሌስትራ ነው። አንዱ ለባዶ መኪና፣ ሌላው ዘወትር ጥቂት መቶ ኪሎ ለሚሸከም፣ ሌላው ከዚያ ለሚበልጥ ይሠራል። ምድቡ የሚለካው ከመኪናው በማይወርድ ክብደት ነው፤ በዓመት አንዴ የሚጫን እህል አይቆጠርም። የሚቆጠሩት የብረት መከላከያው፣ ፖርቶመጋላው፣ ትርፍ ጎማው፣ ተጨማሪው የነዳጅ ታንክ ናቸው። 180 ሊትር ናፍታ ብቻውን 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በውኃ የተሞሉ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችም 80 ኪሎ ይጨምራሉ። ግምትን የሚያስቀረው መኪናውን እንደ ዘወትሩ አዘጋጅቶ ሚዛን ላይ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ማስመዘን ነው።

የፊት ሞላ ላላቸውም ሕጉ ያው ነው። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት በጣም ይወሰናል፤ ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢወፍር ጥንካሬው በግማሽ ያህል ያድጋል። ከባድ የፊት መከላከያና ዊንች ለሌለው መኪና ለእነሱ የተሠራ ሞላ መግጠም አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ ጉዞውን ማድረቅ ብቻ ነው።

የሾክ አብዞርበር አማራጮች

ሾክ አብዞርበር ውስጥ ፒስተን ዘይትን በጠባብ ቫልቭ ያሳልፋል፤ የንዝረቱ ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኮሮኮንች የሚፈትነው በዚህ ነው። በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ሞገዶች ባሉበት መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል ይመታል። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ አረፋ ይሆናል። አረፋ ቫልቭ ውስጥ አይታገልምና ሾክ አብዞርበሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንደሌለ ይቆጠራል። እንደ አፋር ባለ ሞቃት ቆላ አየሩ ራሱ ሙቀቱን ለመቀበል ስለማያግዝ ችግሩ ፈጥኖ ይመጣል።

ባለ ሁለት ቱቦው ዓይነት በብዙ መኪኖች ከፋብሪካ የሚመጣው ነው። ፒስተኑ የሚሠራበት ቱቦ በሌላ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ድንጋይ የውጩን ቢያጎደጉደውም ሥራው ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ለስላሳና ርካሽ ነው፤ ሙቀቱን ግን ቶሎ አያስወጣም። ትንሽ የናይትሮጅን ግፊት ያለበት አረፋውን ይቀንሳል።

ባለ አንድ ቱቦው፣ እንደ ጀርመኑ ቢልስታይን ያለው፣ ዘይቱንና ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናይትሮጅን በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያል። ስለዚህ አረፋ አይፈጠርም፤ ዘይቱ የሚነካው ግድግዳ በቀጥታ ከአየር ጋር ስለሚገናኝም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ጉድለቱ ድንጋይ ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስተኑ ሊያዝ መቻሉ ነው። ረጅምና ፈጣን የኮሮኮንች ጉዞ ለሚያዘወትር ይህ ይመረጣል፤ በዝግታ ድንጋያማ ቦታ ለሚሄድና ዋጋ ለሚያሳስበው ጥሩ ባለ ሁለት ቱቦ በቂ ነው።

ከዓይነቱ እኩል የሚያስፈልገው መመጣጠን ነው። የጠነከረ ባሌስትራ ሲለጠጥ የሚመልሰው ጉልበት ብዙ ስለሆነ እሱን የሚገታ ሾክ አብዞርበር ይፈልጋል። ለለስላሳ ባሌስትራ በጣም የጠነከረ ሾክ አብዞርበር ቢገጠም ደግሞ በተከታታይ ጉድጓድ ባሌስትራው ለመዘርጋት ጊዜ አጥቶ እየወረደ ይሄዳል። ባለሙያዎች ሁለቱን ከአንድ አምራች፣ አብረው እንዲሠሩ የተዘጋጁትን መግዛት የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ቁመት ሲጨመር

ብዙዎቹ ምትክ ባሌስትራዎች መኪናውን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ለድንጋያማ መንገድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ያስከትላል። ሾክ አብዞርበሩ ሲዘረጋም ሲታጠፍም ለአዲሱ ቁመት የሚበቃ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። የፍሬን ቱቦዎች አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል መወጠር የለባቸውም። የፊት ሞላ ባለው መኪና አክስሉ ትንሽ ስለሚዞር መሪው መንገድ መያዝ ሊያቅተው ይችላል፤ በማስተካከያ ጎሚኒ ይታረማል። ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘና እንደ ጭነቱ የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ካለ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ መኪናው ባዶ የሆነ መስሎት ለኋላ ጎማ የሚሰጠውን ፍሬን ይቀንሳል። ቁመቱ በጨመረ መጠን በኩርባ የመገልበጥ አደጋም ይጨምራል።

ግጥሚያ

ባሌስትራ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር ምንጊዜም የግራና የቀኙ በጥንድ ይቀየራሉ። አሮጌ ጎሚኒዎችና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩት ብሎኖችም አብረው ይለወጣሉ፤ እነዚህ ብሎኖች አንዴ ተጠብቀው የተለጠጡ ስለሆኑ ዳግም አይታመኑም። የጎሚኒ ብሎኖች የሚጠበቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ሁሉም ብሎኖች እንደገና ይጠበቃሉ፤ የመሪና የፊት መብራት አቅጣጫም ይታያል።

በገበያ ላይ ኦሪጅናል የሚመስል ፎርጅድ ዕቃ ስለማይጠፋ የአምራቹ ቁጥር፣ የብየዳው ጥራትና የሻጩ ዋስትና ይመርመሩ። በጀት ሙሉውን የማይችል ሰው በቅድሚያ ጎሚኒዎቹንና የፈሰሰውን ሾክ አብዞርበር ከጥንዱ ጋር ይቀይር፤ ቀጥሎ ወደ ባሌስትራው ይሂድ። የተሰነጠቀ ላሜራ ወይም የተቆረጠ የመሐል ብሎን ከተገኘ ግን ቅደም ተከተል የለውም፤ መኪናው እስኪጠገን ድረስ ይቁም።