የወለደችንና ያሳደገችን

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይላል ያገራችን ተረት። እውነት ነው፤ ሕፃን ልጅ የምትመለሰውንና የማትመለሰውን ለይቶ አያውቅም። ነገር ግን ተረቱ አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል። ይኸውም እናቲቱ እስክትመለስ ድረስ የሚያለቅሰውን ልጅ ማን ያባብለዋል የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ የምትገኘው አቃቂ፣ ዛሬ ከቃሊቲ ጋር አንድ ክፍለ ከተማ የሆነችው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት። አቃቂ አስቀድሞ በወንዟና በምድር ባቡር ጣቢያዋ የምትታወቅ ነበረች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመባት በኋላ ግን የሠራተኛ ከተማ ሆነች። የፋብሪካ ሥራ በፈረቃ ነውና ሌሊት የምትገባ እናት ልጇን ከጎረቤት አስጠግታ ትሄድ ነበር።

እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ። እናቴ የሌሊት ተረኛ በሆነች ጊዜ የማድረው ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘንድ ነበር። እትዬ አልወለዱም። ቢሆንም እንጀራ ሲጋግሩ እንጎቻዬን ሳያወጡልኝ ቀርተው አያውቁም። በግንቦት ልደታ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ንፍሮ ሲቀቅሉ የኔን እፍኝ አስቀድመው የሚቀበሉልኝ እርሳቸው ነበሩ። ፊደል ሳልቆጥር «አባታችን ሆይ»ን በቃሌ ያስጠኑኝም እርሳቸው ናቸው።

ተምሬ ሥራ በያዝሁ ጊዜ በመጀመሪያው ደመወዜ ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ። እናቴ ነጠላውን ዘርግታ አይታ፣ መርቃኝ ስታበቃ፣ «ለእትዬስ?» አለችኝ። በሚመጣው ወር አልኋት። በሚመጣው ወር ሌላ ጉዳይ ገጠመኝ፤ በተከታዩም እንዲሁ። እትዬ ያን ነጠላ ሳይለብሱ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ እናትነት ምን እንደ ሆነ ደጋግሜ አስቤአለሁ። በክርስትና እምነት እናትነት በሥጋ መውለድ ብቻ አይደለም። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጥቷል። ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት መጨረሻ ላይ ለሩፎስ እናት ሰላምታ ሲያቀርብ፣ ለእኔም እናቴ ናት ብሎ መስክሯል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም የልጁ እምነት መጀመሪያ በአያቱና በእናቱ ዘንድ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ታቆማለች። እንግዲህ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ወላጅ እንዲኖረው ሥርዓቱ ራሱ ፈቅዷል ማለት ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ የቀረ እንዳይመስለን በዘመናችን የታየ ምስክር አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ፤ አባታቸው በጣልያን ጦርነት ስለ ሞቱ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሲደርሱ ሕዝቡ በረኃብ ወድቆ አገኙት፤ የሞተች እናቱን ጡት የሚፈልግ ሕፃንም አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነበር፤ እርሱን አካፈሉ። ሁለት ሕፃናትም ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ከባለቤታቸው ጋር ባለመስማማታቸው ቤታቸውን ትተው፣ ዶሮ ያረቡበት በነበረ ጎጆ ከልጆቹ ጋር ኖሩ። ያ ጎጆ በኋላ ለብዙ ወላጅ አልባ ሕፃናት መጠጊያ የሆነ ድርጅት መነሻ ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ «እማዬ» እያለ ያለቀሰላቸው ያሳደጉት ልጅ ሁሉ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እንደ ወይዘሮ አበበች ያለውን ሥራ ሁላችንም እንሥራ ለማለት አይደለም። ነገር ግን በየሰፈራችን ምጣዷን አሟሽታ እንጎቻ ያበላችን፣ በትምህርት ቤት መንገድ እጃችንን ይዛ ያሻገረችን ሴት አለች። ምናልባት ዛሬ አርጅታ፣ ጧሪ አጥታ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። እኛ ስንማር የምንጠቅሰው የመምህራኖቻችንን ስም ነው፤ ስንሾምም የምናመሰግነው አለቆቻችንን ነው። የእርሷን ስም ግን የሚጠራው የለም።

ስለዚህ ተማሪው ዕረፍት ባገኘ ጊዜ፣ ወጣቱ ሠራተኛም ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ለእትዬስ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ነጠላ መግዛት ያልቻለ ሄዶ ጉልበቷን ይሳም፤ ውሃዋን ይቅዳ፤ ከታመመችም ሐኪም ቤት ያድርሳት። «በሚመጣው ወር» ማለት ግን አይበጅም፤ እኔ ብዬው አይቼዋለሁ።