ማዳጋስካር፤ የአበው ምድር

በማዳጋስካር ደጋ አገር፣ ዝናቡ ቆሞ ብርዱ በሚጸናበት ወራት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የድንጋዩን መቃብር ይከፍታል፤ የአያትና የቅድመ አያት ዐፅም ከተኛበት ወጥቶ፣ ያረጀው መግነዝ በአዲስ የሐር መግነዝ ይጠቀለልና፣ ልጅና የልጅ ልጅ በትከሻቸው ተሸክመው እየዘፈኑ መቃብሩን ይዞሩታል። ይህን ሥርዓት ፋማዲሃና ይሉታል። አገራቸውንም ታኒንድራዛና፣ ማለት የአበው ምድር ብለው ይጠሯታልና፣ የዚህን ሕዝብ ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከመቃብሩ ቢጀምር መንገዱ የሚቀናለት ይመስለኛል።

ደሴቲቱ ከሞዛምቢክ ጠረፍ የምትርቀው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ልሳኗ ግን የተገኘው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። ድንጋይን የማላይ ሰው ባቱ ሲለው ማላጋሲው ቫቱ ይለዋል፤ የሞተውን ሁለቱም ማቲ ይሉታል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚዛመዳት ቋንቋ በቦርኔዮ ደሴት፣ በባሪቶ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት የማአንያን ሰዎች የሚናገሩት ነው። አበዎቻቸው ከሺህ ዓመት በፊት ሩዛቸውን ይዘው የሕንድን ውቅያኖስ በታንኳ ተሻገሩ፤ ከአፍሪካ ምድር ከመጡትም ጋር በጋብቻ ተዋሕደው አንድ ሕዝብ ሆኑ። ለዚህም የከብት ስም ይመሰክራል፤ ማላጋሲው ኡምቢ የሚለው ቃል፣ የስዋሂሊ ተናጋሪ ንጎምቤ ከሚለው ጋር ዘመድ ነውና።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ አንድሪያናምፖይኒሜሪና በአምቦሂማንጋ ተቀምጠው የኢሜሪናን ግዛት አንድ አደረጉ። ልጃቸው ቀዳማዊ ራዳማ በ1817 ከእንግሊዞች ጋር ተዋውለው ባሪያ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ከዌልስ የመጡ ሚሲዮናውያንም ቋንቋውን በላቲን ፊደል ጽፈው፣ በ1835 መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ንግሥት ቀዳማዊት ራናቫሎና ክርስትናን አገዱ፤ ራሳላማ የተባለች ሴት በ1837 በጦር ተወግታ የመጀመሪያዪቱ ሰማዕት ስትሆን፣ የቀሩት ምእመናን መጽሐፉን ደብቀው በሥውር ያነቡት ነበር።

ፈረንሳዮች በ1895 አንታናናሪቮን ያዙ፤ በ1897 ጄኔራል ጋሊየኒ ንግሥት ሣልሳዊት ራናቫሎናን አግዘው የነገሥታቱን ዐፅም ከአምቦሂማንጋ አስነሥተው ወደ አንታናናሪቮ አዛወሩ፤ የዚህ ሕዝብ ኃይል በዐፅሙ ዙሪያ እንደሚሰበሰብ አላጡትም ነበርና። ሕዝቡ ግን በ1947 ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ነፍስም ጠፋ፤ ነፃነቱን ያገኘው ጁን 26 ቀን 1960 ነው።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ የንግሥቲቱ ነገር ነው። በመጀመሪያ ወደ ሬዩኒዮን፣ ኋላም ወደ አልጀርስ ተግዘው፣ አገራቸውን ዳግመኛ ለማየት ሳይፈቀድላቸው በ1917 በሰው አገር ዐረፉ። ከ21 ዓመት በኋላ በ1938፣ ዐፅማቸው ከአልጀርስ መቃብር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በአንታናናሪቮ ኮረብታ ላይ ከነገሥታቱ መቃብር ገባ።