የክፉ ቀን ስንቅ፤ ቤተ ሰብን ለተራዘመ ድርቅና ለአገልግሎት መቋረጥ ስለ ማዘጋጀት

እንደሚታወቀው፣ ድርቅ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ መሬት መንቀጥቀጥ በድንገት የሚደርስ አደጋ አይደለም። ዝናቡ ከቀረበት ዕለት አንሥቶ ገበሬው ቤቱን ዘግቶ እስከሚሰደድበት ዕለት ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። በእነዚህ ወራት ቤተ ሰቡ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ያለውን ንብረት በቅደም ተከተል እያወጣ ከችግሩ ጋር ይታገላል። በመጀመሪያ ከማዕዱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ጉልበቱን ይሸጣል፤ እንጨትና ከሰልም ወደ ገበያ ያወጣል። ከዚያ በጉንና ፍየሉን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ ለዘር ያስቀመጠውንም እህል ይበላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መንገድ ስደት ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር የደረሰው እልቂት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. በቆረም፣ በባቲና በመቀሌ መጠለያዎች የተሰበሰበው ሕዝብ ወደዚያ የደረሰው ያለውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነበር። በመሆኑም ብዙዎች ከምግብ አቅርቦቱ ደጃፍ ደርሰው እንኳ ከሰውነታቸው መዳከምና ከመጠለያው መጨናነቅ የተነሣ በሚዛመቱ በሽታዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከሞት የተረፈውም ወደ ቀዬው ሲመለስ በሬና ዘር ከሌለው፣ ዝናብ በዘነበበት ዓመት እንኳ መልሶ ለማረስ አይችልም። ስለዚህ ቤተ ሰብን ለክፉ ቀን የማዘጋጀት ዓላማ ረኃቡን ማሳለፍ ብቻ አይደለም። ዋናው ዓላማ በሬውና ዘሩ ከቤት ሳይወጡ የሚቀጥለው አዝመራ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

የመጠባበቂያው መጠን

ዕርዳታ የቱንም ያህል ቢፋጠን ጉዳቱ ተጠንቶ፣ እህሉ ተገዝቶና ተጓጉዞ ከተረጂው እጅ እስኪገባ ድረስ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው በቤት ውስጥ ያለው እህል ብቻ ነው። በአገራችን በዕርዳታ አሰጣጥ የተለመደው ወርኃዊ ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ግራም የምግብ ዘይት ነው። በዚህ ስሌት አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ ለአንድ ወር 75 ኪሎ ግራም፣ ለሦስት ወር ደግሞ 225 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ከሩብ እህል ያስፈልገዋል። ለዚሁ ጊዜ የሚበቃው ጥራጥሬ ከ22 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ወይም ሕፃናት ካሉ ጥራጥሬውን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

ይህን ያህል እህል በአንድ ጊዜ ለማስቀመጥ የሚችለው ቤተ ሰብ ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙው ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ሲል አዝመራው እንደ ገባ፣ ዋጋው ዝቅ ባለበት በጥር ወር ይሸጥና፣ ዋጋው በሚንርበት በክረምት መልሶ ይገዛል። ይህን ለማቃለል ዕድሮችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዝመራ ወቅት ከየአባሉ ጥቂት ጥቂት እህል ተቀብለው በጋራ ጎተራ እንዲያስቀምጡ ማበረታታት ይቻላል። በጋራ የተቀመጠ እህል ባለቤቱ በየገበያው ቀን ቆንጥሮ ስለማይሸጠው የተሻለ ይቆያል። ነገር ግን ሒሳቡ በግልጽ ካልተያዘና አባላቱ ራሳቸው ካልተቆጣጠሩት እምነት ስለሚያጣ፣ ከእህሉ በፊት መዝገቡን ማደራጀት ይገባል።

ስለ አቀማመጥ

እህል ከማሳ ወደ ቤት መግባቱ ብቻ መጠባበቂያ አያሰኘውም። ነቀዝ፣ አይጥ፣ ምስጥና እርጥበት ከሚያጠፉት የተረፈው ነው መጠባበቂያ የሚባለው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ በአንጻሩ በቆሎና ማሽላ በቶሎ ይነቅዛሉ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ጤፍ አድርጎ በቆሎውንና ማሽላውን አስቀድሞ መመገብ ይመረጣል።

እህሉ ከመከተቱ በፊት በሚገባ መድረቁን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨው ከእህሉ ጋር ተጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። ጎተራው ከመሬት በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ ስንጥቁም በጭቃና በእበት ቢመረግ፣ አሮጌው እህል ከአዲሱ ጋር ባይቀላቀል ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ በማያስገባ ነገር ከተለበደና ጉድጓዱ በየጊዜው ካልተከፈተ እህሉ ይበልጥ ይቆያል። ባለ ሦስት ድርብ አየር የማያስገባው ከረጢትም፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥቶ እንዲሞት ስለሚያደርግ መድኃኒት መርጨት ሳያስፈልግ እህሉን ያድናል። በአንጻሩ በተለምዶ «ክኒን» እየተባለ የሚሸጠው የእህል መርዝ የሚያወጣው ጋዝ ሰውንም የሚገድል ስለሆነ፣ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም።

በእንሰት አካባቢ ያለው ቤተ ሰብ ከሌላው የተሻለ መጠባበቂያ አለው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐዲያና በከምባታ የሚተከለው እንሰት ለአንድ የመከር ወር ሳይጠበቅ እንዳስፈላጊነቱ ይቆረጣል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለብዙ ወራት ይቆያል። አደጋው የሚመጣው በችግር ጊዜ ያልደረሰው ተክል ጭምር ተቆርጦ ሲያልቅ ነው። ለቆረጡት ምትክ መትከል እንደ እህል ዘር ማስቀመጥ መቆጠር ይኖርበታል።

ስለ ጓያ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ጓያ ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠፋ የሚቋቋም በመሆኑ የክፉ ቀን ምግብ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ያስከትላል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ ይኸው በሽታ በብዙ ሰዎች ላይ ታይቷል። ጓያን ብቻውን አለመመገብ፣ ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ፣ ዘፍዝፎም ውሃውን መድፋት አደጋውን ይቀንሳል። ዕርዳታ አከፋፋዩም ጓያ በሚበላበት ወረዳ እህል ማዘግየት አካለ ስንኩልነትን እንደሚያስከትል ሊያውቅ ይገባል።

ውሃ

በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ እንዲደርሰው ይፈለጋል፤ ከዚህ ቢያንስ እንኳ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና ከ7.5 ሊትር መውረድ የለበትም። አምስት ሰው ያለበት ቤት በዝቅተኛው መጠን በቀን 37.5 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ያህል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ምንጭ ሲደርቅ ይህን ለማምጣት ሴቶችና ልጆች የሚሄዱት መንገድ ስለሚረዝም፣ ውሃ ማጠራቀም ጉልበትንም ትምህርትንም ማዳን ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 30 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ፣ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ተቀንሶ 1,200 ሊትር ይሰበስባል። ይህም ለተጠቀሰው ቤተ ሰብ በዝቅተኛው መጠን የአንድ ወር ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ መደፋት አለበት፤ ማጠራቀሚያውም ክዳን ያሻዋል። ውሃ በሚፈላበት ጊዜ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ከተንተከተከ በኋላ ለሦስት ደቂቃ፣ በቆላ ለአንድ ደቂቃ መቆየት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ማገዶ ማባከን አያስፈልግም።

መብራት ሲቋረጥ

ድርቅ የገጠሩ ችግር ብቻ መስሎ የሚታየው የከተማ ነዋሪ፣ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ እንዲታደል ተደርጎ ነበር። በትግራይም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራት፣ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ በመቋረጣቸው፣ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ገንዘቡን ለማውጣት ሳይችል ቀርቷል። መብራት ሲጠፋ አብረውት የሚቆሙትን ነገሮች መቁጠር ያስፈልጋል፤ የእህል ወፍጮው፣ የውሃው ፓምፕ፣ የእንጀራው ምጣድ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ፣ የስልኩ ባትሪ አብረው ይቆማሉ።

ስለሆነም በቤት ውስጥ ካለው እህል ከፊሉ ተፈጭቶና ተቆልቶ መቀመጥ አለበት። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ እሳት ሳይነካቸው የሚበሉ፣ ሽሮም በትንሽ ማገዶ የሚደርስ በመሆኑ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። የድንጋይ ወፍጮና መጅ ያለው ቤት አይጣለው፤ ሞተር ሲቆም የሰፈሩ ሁሉ መጠጊያ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተ ሰብም የማገዶ ምድጃ በተጓዳኝ ቢኖረው ይበጀዋል፤ «ምርጥ» በመባል የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ሊያተርፍ ይችላል። የከሰል እሳት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ለሞት የሚያደርስ መሆኑን በየአጋጣሚው ማስተማር ይገባል። ለብርሃን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፋኖስ ከኩራዝ ይልቅ ከቃጠሎም ከጭስም ያድናል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የቤተ ሰቡ ሰነዶች፣ ለዘወትር ሕመምተኛም የአንድ ወር መድኃኒት በአንድ ቦታ ተጠቅልለው መቀመጥ አለባቸው።

ዘርና ከብት

ዘር ከሚበላው እህል ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ ከተቻለም በሌላ ሰው ቤት በአደራ ቢቀመጥ ከረኃብ እጅ ይድናል። የደረሰው ዘር ቀድሞ የተዘራው ሲከሽፍ እንደገና ለመዝራት የሚበቃ፣ ቶሎ የሚደርስ ዓይነትም የተጨመረበት መሆን ይኖርበታል። ስለ ከብት ሲታሰብ ጊዜ ዋናው ነገር ነው። በድርቅ ወቅት የእህል ዋጋ ሲወጣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ዘግይቶ የሸጠ ገበሬ በአንድ በሬ የሚያገኘው እህል ጥቂት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ አርብቶ አደሩ መንጋውን ያጣው በግጦሽ እጦት ነው። ትርፍ ከብትን ሥጋ ሳያጣ አስቀድሞ መሸጥ፣ ለሚቀሩት ጥቂት እንስሳት ድርቆና ገለባ ማከማቸት፣ መንጋውን ሙሉ በሙሉ ከማጣት ያድናል።

ስለ አዲስ ሰፋሪዎች

ወደ ሌላ አካባቢ የተወሰደ ቤተ ሰብ መጠባበቂያውን ከዜሮ ይጀምራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጎጃሙ መተከልና ወደ ጋምቤላ 600,000 ያህል ሰዎች ተወስደው ነበር። ከደጋ የመጣው ገበሬ በሞቃትና እርጥበታማ ምድር ወባን፣ ምስጥን፣ የማያውቀውንም ሰብል በአንድነት ተጋፈጠ። የለመደው የእህል አቀማመጥ በዚያ የአየር ንብረት አልሠራለትም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰፈራ በባለቤቱ ሙሉ ፈቃድ መሆን አለበት። ከዚህም ጋር የመጀመሪያው አዝመራ ገብቶ ሁለተኛው እስኪዘራ የሚያደርስ ስንቅ፣ አጎበር፣ ከመሬት ከፍ ያለ ጎተራና ከአካባቢው ነባር ሕዝብ የሚገኝ የእርሻ ዕውቀት አስቀድመው ካልተዘጋጁ፣ ቤተ ሰቡ ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ተዛወረ ማለት ነው።

የሠራተኛው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለቤተ ሰቡ የተሰጠ የቤት ሥራ ሆኖ መታየት የለበትም። መሬት የሌለው ወይም ከማሳው ለግማሽ ዓመት እንኳ የማይበቃው ሰው ሦስት ወር የሚያደርስ እህል እንዲያስቀምጥ መምከር ከንቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው፣ እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ምግብ ወይም ጥሬ ገንዘብ እያገኘ ንብረቱን ሳይሸጥ እንዲቆይ በማሰብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ በወቅቱ ካልደረሰ ግን በሬው በሰኔ ይሸጥና እህሉ በነሐሴ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት አንድ አሠራር አለ። የተረጂዎች ዝርዝር በሚወጣበት ጊዜ በጎተራው እህል የተገኘበት ገበሬ «አልተቸገረም» ተብሎ የሚሰረዝ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሰው እህል አያስቀምጥም፤ ያስቀመጠም ይደብቃል። ቆጥቦ የተገኘው ተቀጥቶ ያልቆጠበው ሲሸለም ምክር ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የወረዳ ሠራተኛ መጠየቅ የሚገባው «ዛሬ በቤትህ ምን አለ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «ያለው እስከ መቼ ያደርስሃል? ሲያልቅስ ምን ትሸጣለህ?» ብሎ ነው። መልሱ «በሬዬን» ወይም «ዘሬን» የሆነበት ቤተ ሰብ፣ ጎተራው ገና ባዶ ባይሆንም፣ ዕርዳታው ሊደርሰው የሚገባበት ጊዜ ደርሷል።