300 ብሩ እንዴት ተሰላ?

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ስለሆነ ድርጅቱ በጠቅላላው 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ተብሎ ተገምቷል ማለት ነው። ሽያጩ በቴሌብር ተካሄደ፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333። ጊዜው ተራዝሞ የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ። በሰማሁት ጨዋታ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው የትርፍ ክፍፍሉ መቼ እንደሚደርስ ነበር። 300 ብሩ እንዴት ተሰላ ብሎ የጠየቀ ብዙም አልገጠመኝም።

የድርጅት ዋጋ የሚገመትባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። ንብረቱን ቆጥሮ ዕዳውን መቀነስ አንዱ ነው። ተመሳሳይ ድርጅት በስንት እንደተሸጠ አይቶ ማነጻጸርም አለ። ሦስተኛው ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ ነው፤ ክርክሩ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ብር ሳያቋርጥ የሚያስገባ ድርጅት አለ እንበል። ባለሀብቱ በዓመት 20 በመቶ ካልተከፈለኝ ገንዘቤን አላስርም ካለ ድርጅቱ 500 ሚሊዮን ብር ያወጣል። 25 በመቶ ከጠየቀ ዋጋው ወደ 400 ሚሊዮን ይወርዳል። ድርጅቱ አልተለወጠም፤ የገማቹ አንድ ቁጥር ብቻ 100 ሚሊዮን ብር አጠፋ።

ይህን ቁጥር፣ ማለትም የመመለሻ መጣኔውን፣ የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎቻችን የሚያገኙት ከፈተናው ወረቀት ላይ ነው፤ ተሰጥቷቸው ያሰላሉ። የውጭዎቹ መማሪያ መጻሕፍት መጣኔውን ከመንግሥት ቦንድ ወለድና ከአክሲዮን ገበያ የብዙ ዓመት ታሪክ ያወጡታል። እኛ ዘንድ የዚያ ዓይነት ታሪክ አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት የነበረው አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ከሥርዓቱ ጋር ካበቃ ወዲህ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ የተከፈተው ገና ጥር 2017 ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ስለዚህ በዚህች አገር መጣኔ የሚመርጥ ገማች የዋጋ ንረቱን፣ የባንክ ብድር ወለዱን፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀውን የምንዛሪ ተመን ራሱ አገናዝቦ መፍረድ አለበት። ይህ በቀመር የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ነገሩ ለሽያጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሻጭና የገዢ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ግን አገሪቱ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ ባለሙያዎቹ አይኤፍአርኤስ የሚሉትን፣ ተቀበለች። የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ ባንኮችም ሰኔ 2010 ለተዘጋው የበጀት ዓመት ሪፖርታቸውን በዚሁ አወጡ። ደረጃው ለተወሰኑ ንብረቶች ፍትሐዊ ዋጋን ይጠይቃል፦ በመለኪያው ቀን፣ ሳይገደዱ በሚገበያዩ ወገኖች መካከል ንብረቱ ሊሸጥበት የሚችለውን ዋጋ። የማስረጃውንም ጥራት በሦስት እርከን ይለያል። የመጀመሪያው በንቁ ገበያ ላይ የሚታይ ዋጋ ነው፤ ሦስተኛው በአብዛኛው የገማቹ ግምት ነው።

ችግራችን ብዙው ንብረታችን ሦስተኛው እርከን ላይ መውደቁ ነው። መርካቶ ውስጥ ከ30 ዓመት በፊት የተሠራን ሕንፃ አስቡ። በመዝገብ ላይ የእርጅና ቅናሹ በልቶት ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን በዚያ ብር አይሸጠውም። ለእኔ ፍትሐዊ ዋጋ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የድሮው መዝገብ የዛሬውን ሀብት ይደብቃል። ግን ሕንፃው የቆመበት መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋም ብዙ ጊዜ እጅ በእጅ ከተከፈለው ያንሳል። ታዲያ ገማቹ በምን ያነጻጽር?

ግምት ያለ ጠያቂ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው ኤንሮን አሳይቷል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋዝ ውሎቹን በገበያ ዋጋ እንዲመዘግብ ተፈቀደለት። የገበያ ዋጋ ባልነበረበት ቦታ የራሱን ግምት አስገባ፤ ገና ያልገባ ገንዘብ ትርፍ ተብሎ ተጻፈ፤ ታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ከሰረ።

በግምት የተገኘ አኃዝ ጡረተኛ አክሲዮን እንዲገዛ፣ ባንክ እንዲያበድር፣ ግብር ሰብሳቢ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ስለዚህ የሂሳብ አያያዝ ትምህርታችን ዴቢትና ክሬዲቱን ካስተማረ በኋላ ተማሪውን የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት መጨረሻ ላይ ካሉት ማብራሪያዎች ጋር ማዋል አለበት። የትኛው ንብረት በየትኛው እርከን ተለካ? የትኛው መጣኔ ተመረጠ? መጣኔው በሁለት ነጥብ ቢለወጥ ትርፉ ምን ይሆናል?

ሌላም ማስተማሪያ በእጃችን አለ። ባንኮች ብድሩ ያልተከፈለበትን መያዣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጣቸው ሥልጣን ሲሸጡ የጨረታ መነሻ ዋጋውን በጋዜጣ ያወጣሉ። ተማሪው መነሻውን፣ ቤቱ በመጨረሻ የተሸጠበትን፣ ብድሩ ሲሰጥ ተገምቶበት የነበረውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ሦስቱ ሲራራቁ ለምን እንደተራራቁ ይጻፍ። የጨረታው ዋጋ በግዴታ የተገኘ ስለሆነ በደረጃው ትርጉም ፍትሐዊ ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ ከዚህ ተነስቶ የማይገደድ ሻጭ በዚያው ቀን ስንት ያገኝ እንደነበር አስልቶ፣ ግምቱን ለማይስማማበት ሰው አስረድቶ መከላከል የቻለ ተማሪ ለሥራው ደርሷል።