ዜሮም መቶም የሚወድቅበት ፈተና

«ሲዲፎርህ ስንት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ አገራችን ውስጥ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ኤች አይ ቪ ቤታችን ድረስ ይዞት የመጣ ቃል ነው። ሴሉ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙም አይወራም።

ሲዲፎርን ጨምሮ ቲ ሴሎች ሁሉ መነሻቸው መቅኔ ነው። ገና ምንነታቸው ሳይለይ በደም ተጉዘው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ወደተቀመጠች ታይመስ የምትባል እጢ ይገባሉ። ይህች እጢ ለረጅም ጊዜ ጥቅም የላትም ተብላ ተንቃ ኖራለች። በ1961 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ቆርጦ ሲያወጣት ግን አይጦቹ ኢንፌክሽን መቋቋም አቃታቸው። የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ ሰውነታቸው «ባዕድ ነው» ብሎ አልገፋውም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ አይደል? ከታይመስም በሕይወት የሚወጡት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ልዩነቱ፣ እዚህ ዜሮ ያመጣም መቶ ያመጣም ይወድቃል።

እያንዳንዱ ሴል ጂኖቹን በዘፈቀደ ቆራርጦና ገጣጥሞ የራሱን ሪሴፕተር ይሠራል። ምን እንደሚይዝለት አስቀድሞ አይታወቅም። በእጢዋ ውጪኛ ክፍል ሲዲፎርና ሲዲኤይት የሚባሉትን ፕሮቲኖች ሁለቱንም ባንድ ላይ ይዞ ይቆያል። እዚያ ያሉት ሴሎች ኤምኤችሲ በሚባል ፕሮቲን ላይ የሰውነታችንን ቁርጥራጮች አስቀምጠው ያሳዩታል። ጨርሶ መያዝ ካቃተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ላላ አድርጎ ከያዘ ያልፋል። የያዘው ክላስ ሁለት ኤምኤችሲን ከሆነ ሲዲፎር ሆኖ ይቀራል፤ ክላስ አንድን ከሆነ ደግሞ በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድለው ሲዲኤይት ይሆናል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የውስጠኛው ክፍል ነው። እዚያ ያሉ ሴሎች ኤየር በሚባል ጂን ታዘው ኢንሱሊን ይሠራሉ። ኢንሱሊን የቆሽት ሥራ፣ ታይመስን ምን አገባት? ለፈተና ነዋ! ኢንሱሊኑን አጥብቆ የያዘ ቲ ሴል እዚያው ራሱን እንዲያጠፋ ይደረጋል። ቢያመልጥ ኖሮ ቆሽት ላይ ዘምቶ ዓይነት አንድ ስኳርን ሊያመጣ ይችላል። አጥብቀው ከያዙት አንዳንዶቹ ግን ይተርፉና ሌሎቹን የሚገቱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይሆናሉ። የ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ለሳካጉቺ፣ ለብሩንኮውና ለራምስዴል የተሰጠው በእነዚህ ሴሎች ምክንያት ነው።

ታይመስ ከጉርምስና በኋላ እየተኮማተረች በስብ ትተካለች። ኤች አይ ቪ ያጠፋባቸውን ሲዲፎር ልጆች ከትልልቆች በተሻለ የሚተኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ አዋቂ የሆናችሁ፣ እጢዋ ትክሰኛለች ብላችሁ የሲዲፎራችሁ ቁጥር ከ200 በታች እስኪወርድ አትጠብቁ። ቀድማችሁ ተመርመሩ፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል።