ያውቁ ኖሯል? ከአውሽዊትዝ እስከ አውሮፓ ፓርላማ
እ.ኤ.አ. በ1979 በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ የተመረጠው የመጀመሪያው የአውሮፓ ፓርላማ ፕሬዚዳንት ያደረጋቸው ሲሞን ቬይ፣ በ1944 ገና በ16 ዓመታቸው ናዚዎች ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ያጋዟቸው ፈረንሳዊት አይሁድ ነበሩ። እናታቸው በበርገን ቤልዘን ካምፕ ሞቱ፤ አባታቸውና ወንድማቸውም ከተጋዙበት አልተመለሱም። የሥልጣን ወንበር የምስክርን ቃል ያደበዝዛል ብሎ የሚሟገት አይጠፋም። የእርሳቸው ሕይወት ግን ሌላ ይመሰክራል፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሲሠሩ የእስረኞች አያያዝ እንዲሻሻል ደክመዋል፤ ኋላም የሾዋ (በናዚዎች የተፈጸመው የአይሁድ እልቂት) መታሰቢያ ፋውንዴሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው የእልቂቱ ታሪክ እንዳይረሳ ሠርተዋል። ግፍን የቀመሰ ሰው፣ የደረሰበትን ከመናገር አልፎ ግፍን የሚከለክል ሕግና ተቋም ሲያቆም ቃሉ ይጠነክራል እንጂ አይደበዝዝም። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2018 አስከሬናቸውን የታላላቆቿ ማረፊያ በሆነው በፓንቴዮን በክብር አሳርፋለች።