አሮጌው ማኪንቶሽ ለምን ይደርቃል? በሶፍትዌርና በሃርድ ዲስክ ድራይቨር መካከል የሚፈጠር ግጭት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ማኪንቶሽ ከረጅም ዓመታት በኋላ ሲከፈት፣ በደህና ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ድንገት ድርቅ ሊል ይችላል። ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠረጥረው የከፈተውን ፕሮግራም ነው። ጥፋቱ ግን የሃርድ ዲስኩ ድራይቨር ሊሆን ይችላል።

ድራይቨር በሲስተሙና በዲስኩ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በእነዚያ ማኪንቶሾች ድራይቨሩ የተጻፈው በዲስኩ ላይ በተለየ ክፍል ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲስተሙን ከማስነሣቱ በፊት ያነበዋል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሲስተም 7 ሲጫን፣ በተለይ ዲስኩ የሌላ ኩባንያ ሥራ ከሆነ፣ አሮጌው ድራይቨር እንደነበረ ሊቀር ይችላል።

ግጭቱ ጎልቶ የሚታየው ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲሠራ ነው። ሲስተም 7 ሜሞሪ ሲጠበው ለጊዜው የማይፈለገውን ዳታ ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲያስፈልግም ይመልሰዋል። ለዚህ ያልተዘጋጀ ድራይቨር ዲስኩን በማንበብ ላይ ሳለ፣ እርሱ የሚሠራበት የሜሞሪ ክፍል ራሱ ወደ ዲስክ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያን ለመመለስ ዲስኩ ነጻ መሆን አለበት፤ ዲስኩ ደግሞ ተይዟል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ቆለፈ ሰው፣ ኮምፒውተሩ መውጫ ያጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ይገባል። መድረቁ ከቆመ ጥርጣሬው በድራይቨሩ ላይ ይጸናል። ካልቆመ ሲነሣ የሺፍትን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ኤክስቴንሽኖችን ያግዳል፤ ድራይቨሩን ግን አይነካም።

ድራይቨሩን ለማደስ ከፍሎፒ ተነሥቶ የአፕልን የዲስክ ማዘጋጃ ፕሮግራም መክፈት ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «አድስ» የሚለው ትእዛዝ ድራይቨሩን ብቻ ሲተካ፣ አጠገቡ ያለው «ኢኒሻላይዝ» ዲስኩን ባዶ ያደርጋል። ፕሮግራሙ የሚያገለግለው አፕል ያቀረባቸውን ዲስኮች ነው፤ የሌሎች ኩባንያዎች ዲስኮች የየራሳቸውን ፕሮግራም ይሻሉ።

ፍላጎቱ የቆዩ ጽሑፎችን ማዳን ብቻ ከሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፍቶ መገልበጥ ይበቃል። የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ፋይሉን ብቻ መውሰድ አይጠቅምም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ ጽሑፉ ያለ ፎንቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፎንቱና የተጻፈበት ፕሮግራምም አብረው ይገልበጡ።